ከድሬ የሚወጣ የጀልባ ቁጥር፦ አሜሪካ ያለች የመዝናኛ ጀልባን ማስመዝገብና ቁጥሯን በሥርዓቱ መለጠፍ

ከዚራ ያለችው ስቲከር ቤቴ የጀልባ ቁጥር ስትቆርጥ ያየ ሁሉ ይስቃል። ቢስቅም አይፈረድበት። ወንዛችን ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሲመጣም በ1998 ክረምት እንዳየነው ሊጠርገን እንጂ ሊያንሸራሽረን አይደለም። ቀረብ የሚለን ሐይቅ ሐሮማያ ነው፤ እሱም ደርቆ ጉድ ሠርቶን ነው የተመለሰው። የእኔ እንጀራ የባጃጅ ጽሑፍና የሱቅ ማስታወቂያ ነው።

የጀልባውን ነገር ያመጣብኝ ሚኔሶታ የሚኖረው የእህቴ ባል ነው። ለጥምቀት መጥቶ በርጫ ላይ ቁጭ ብለን ሳለ የጀልባውን የምዝገባ ካርድ ከኪሱ አውጥቶ፣ «አቦ፣ ለባጃጅ የምትቆርጠውን ለጀልባ መቁረጥ ያቅትሃል እንዴ?» አለኝ። የፊደሉ ቁመት ሦስት ኢንች ነው ሲለኝ በልቤ ወደ ሳንቲ ሜትር ቀየርኩና 7.5 ብዬ በጥቁር ቪኒል (የስቲከር ፕላስቲክ) ቆርጬ፣ ጠቅልዬ ሻንጣው ውስጥ ከተትኩለት። እዚያ በረዶው ቀልጦ ጀልባዋን ሐይቅ ላይ ባወረደ በሳምንቱ ተቆጣጣሪ አስቆመው። ማስመሪያ አውጥቶ ለካ፣ «አንሷል» አለው። ሦስት ኢንች 7.62 ሳንቲ ሜትር ነው። ከአንድ ሚሊ ሜትር ትንሽ በለጥ ያለች ነገር ናት፤ ሰውየው ግን የለካው በዓይኑ አይደለም። ቅጣት አልጻፈበትም፣ ልጦ እንደገና እንዲለጥፍ ብቻ አዘዘው። ስልክ ደውሎ የሳቀብኝን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚያ በኋላ ደንቡን ራሱን አስወርጄ፣ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ጎረቤቴን አጠገቤ አስቀምጬ በመስመር አነበብኩት። እንግዲህ ይህ መመሪያ ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አሜሪካ ሆናችሁ ጀልባ ለገዛችሁ የድሬ ልጆች፣ እና እንደ እኔ ፕሎተር (የስቲከር መቁረጫ ማሽን) ይዛችሁ ከውጭ ትእዛዝ ለሚመጣላችሁ።

መጀመሪያ፦ በእኛ ቋንቋ ነገሩ ምን ማለት ነው

መኪና ያስመዘገበ ሰው ጀልባ ማስመዝገብ አይከብደውም። ሻንሲ ቁጥር አለ፣ ሊብሬ አለ፣ ታርጋ አለ፣ ቦሎ አለ። የጀልባዋ ሻንሲ ቁጥር ፋብሪካው አካሏ ላይ የሚቀርጸው ባለ 12 ምልክት መለያ ነው። ሊብሬዋ ኪስ ውስጥ የምትገባ የምዝገባ ካርድ ናት። ቦሎዋ ከግዛቱ መንግሥት የሚሰጥ፣ ዘመኑን የሚናገር ስቲከር ነው።

ልዩነቱ ታርጋው ላይ ነው። ለመኪና ታርጋውን ራሱ መንግሥት አትሞ ይሰጣችኋል። ለጀልባ ግን የሚሰጣችሁ ቁጥሩን በወረቀት ነው፤ ታርጋውን የምታሠሩት ራሳችሁ ናችሁ። ደንቡ ስለ ፊደል ቁመት፣ ስለ ክፍተት፣ ስለ ቀለም ያን ያህል የሚጨቀጭቀው ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ሰው እንደ ፍላጎቱ ቢጽፍ ኖሮ ውሃ ላይ ማን ማንን ያነብ ነበር?

ደንቡ ያለው በአሜሪካ የፌዴራል ደንቦች ስብስብ ርዕስ 33 ውስጥ ነው፤ ስለ ቁጥሩ ክፍል 173ን እና 174ን፣ ስለ አካል መለያው ክፍል 181ን እዩ። ግዛቶቹ በዚያ ላይ የራሳቸውን ይጨምራሉ፤ ስለዚህ የምትኖሩበትን ግዛት ደንብ ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ።

አንደኛ፦ ሳትገዙ የአካል ቁጥሯን አንብቡ

ያገለገለ ጀልባ የምትገዙ ከሆነ ከሞተሩ በፊት ይህን እዩ። ወደ ጀልባዋ ጀርባ ሂዱ፤ ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ላይ፣ ወደ ፊት ዞራችሁ ብትቀመጡ በቀኝ እጃችሁ በኩል፣ ከውጭ፣ ከላይኛው ጠርዝ በ2 ኢንች ውስጥ ትገኛለች። ፊደሎቿ ትንንሽ ናቸው፤ ቢያንስ ሩብ ኢንች ቁመት። የጸሐይና የጭቃ ዘመን ካለፈባት በጣት ዳብሳችሁ ነው የምታገኟት።

ከ1984 ነሐሴ ወዲህ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሠራች ከሆነ አነባበቡ እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምልክቶች የፋብሪካው መለያ ናቸው፤ ኮስት ጋርድ (የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጠባቂ) የሚሰጠው። ቀጥሎ ያሉት አምስቱ የጀልባዋ ተራ ቁጥር። ዘጠነኛዋ ፊደል ወሩን ትነግራችኋለች፤ ኤ ጃንዋሪ፣ ቢ ፌብሩዋሪ እያለ እስከ ኤል ዲሴምበር። አሥረኛዋ የዓመቱ የመጨረሻ አሃዝ ናት። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የሞዴል ዓመት ናቸው። ለምሳሌ መጨረሻዋ «ዲ 9 20» ከሆነ በአፕሪል 2019 የተሠራች የ2020 ሞዴል ናት ማለት ነው። ሻጩ «የ2023 ናት» ካላችሁ እና ቁጥሯ ይህን ካለ፣ የዋጋ ክርክራችሁን ከዚያ ጀምሩ።

ፋብሪካው ይህንኑ ቁጥር ሁለተኛ ቦታ ላይም እንዲደብቀው ይገደዳል፤ ውስጥ በኩል በማይታይ ቦታ ወይም ከአንድ ዕቃ ሥር። ሌባ የውጪውን ፍቆ የራሱን ቢቀርጽ የውስጡ ያጋልጠዋል። የውጪው ዙሪያ የተፋቀ፣ አዲስ ቀለም የተቀባ ወይም ብሎን የተመታበት ከሆነ፣ ጀልባዋ ምንም ያህል ብትረክስ ትቅርባችሁ። ቁጥሩን ያለ ፈቃድ መለወጥ ወይም ማንሳት ክልክል ነው፣ «አላወቅሁም» ደግሞ አያድንም።

ራሱ በእንጨት ጀልባ የሠራ ሰው ከሆነስ? ፋብሪካ ስለሌለው መለያውን ከግዛቱ ይጠይቃል። አንድ ወዳጄ ይህን ሰምቶ «አባቴ፣ ድሬ ላይ ሠርቼ ልላክ?» አለኝ። ባቡሩ ጅቡቲ ድረስ ያደርስልሃል፣ ከዚያ ወዲያ የራስህ ጉዳይ ነው አልኩት።

ሁለተኛ፦ ወረቀቱን አስገቡ

ይህ አጭር ነው። ሞተር የተገጠመላት ጀልባ ሁሉ፣ በፌዴራል ደረጃ ካልተመዘገበች በቀር፣ በብዛት የምትንሳፈፍበት ግዛት ቁጥር ያስፈልጋታል። «በብዛት የምትንሳፈፍበት» የሚለውን ልብ በሉ። እናንተ የምትኖሩበት ግዛት ላይሆን ይችላል። ሞተር የሌላትን በተመለከተ ግዛቶቹ ይለያያሉ፤ ሚኔሶታ ለምሳሌ ሞተር ባይኖራትም ከ10 ጫማ ከረዘመች ትመዘገባለች፤ ሞተር ካላት ርዝመቷ አይጠየቅም።

የምትይዙት የሽያጭ ውል፣ የቀድሞው ባለቤት ካርድ ወይም የባለቤትነት ወረቀት፣ ከጀልባዋ ላይ በእጃችሁ የገለበጣችሁት የአካል ቁጥር፣ መታወቂያና ክፍያ ነው። ቁጥሩን ከሻጩ ወረቀት አትገልብጡ፤ ከጀልባዋ ገልብጡና ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩ። ሚኔሶታ ውስጥ የሚስተናገደው የመኪና ታርጋ በሚወጣበት ቢሮ ነው፤ ምዝገባውም ለሦስት ዓመት ነው። ፌዴራሉ ራሱ ለካርዱ ከሦስት ዓመት በላይ ዕድሜ አይፈቅድም። ዋናው እስኪመጣ ጊዜያዊ ወረቀት ይሰጣችኋል፤ እሱ ከ60 ቀን አያልፍም።

ካርዱ ጀልባዋ በምትንቀሳቀስበት ጊዜ ሁሉ አብሯት መሆን አለበት። ቤት መሳቢያ ውስጥ ያለ ካርድ እንደሌለ ነው። በውሃ የማይበላሽ ፕላስቲክ ውስጥ ክተቱት።

ሦስተኛ፦ ቁጥሩን ቁረጡ

እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ፤ የእኔም ሙያ የእኔም ጥፋት እዚህ ነው።

ቁጥሩ ሦስት ክፍል አለው። ሁለት የግዛቱ ፊደላት፣ ቀጥሎ ቢበዛ አራት አሃዝ፣ መጨረሻ ላይ ቢበዛ ሁለት ፊደል። ወይም አሃዙ ቢበዛ ሦስት ሆኖ መጨረሻው ቢበዛ ሦስት ፊደል። የሚኔሶታ ከሆነ «ኤም ኤን 1234 ኤ ቢ» ዓይነት ነው። በመጨረሻው ክፍል አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት ፊደላት በፍጹም አይገቡም፤ ከአንድና ከዜሮ ጋር ስለሚምታቱ። ደንበኛ በስልክ ሲነግራችሁ ከመጨረሻው ላይ «ኦ» ከሰማችሁ አንዱ ተሳስቷል። እንደውም በስልክ ጨርሶ አትቀበሉ። በእኛ አነጋገር ኤ፣ ኢ እና አይ መስመር ላይ አንድ ናቸው፤ ቢ እና ዲም ከዚያ አይሻሉም። የካርዱን ፎቶ በቴሌግራም አስልኩ፣ ቆርጣችሁ ስትጨርሱ እናንተም ፎቶ ላኩ።

ቁመት። ከ3 ኢንች ማነስ የለበትም። ፕሎተሩ ላይ 76.2 ሚሊ ሜትር ብላችሁ ልክ ልኩን አትቁረጡ፤ ምላጩ ይበላል፣ ቪኒሉ ይሰበሰባል። እኔ አሁን 80 ሚሊ ሜትር ነው የምሰጠው። በማነስ እንጂ በመብለጥ የተከሰሰ ሰው አላየሁም።

የፊደል ዓይነት። ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ደፈን ያለ፣ ጌጥ የሌለው። ኤሪያል ደማቁ ይበቃል። ድሬ ላይ ባጃጅ ላይ የምንወደው ያዘመመ፣ ጥላ ያለው፣ እሳት የሚተፋ ፊደል እዚህ አይሠራም። ይህን ለደንበኛ ማስረዳት ከሥራው በላይ ያደክማል፤ «ትንሽ አሳምርልኝ» የማይል የለም።

ቀለም። ከጀልባዋ ቀለም ጋር የሚጣላ መሆን አለበት። ነጭ ላይ ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊ ላይ ነጭ። ነጭ ላይ ብርማ የሚያዝ ሰው ገጥሞኛል፤ በፎቶ ያምራል፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ይጠፋል።

ክፍተት። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። በፊደሎቹና በአሃዞቹ መካከል ያለው ክፍተት ወይም ሰረዝ ስፋቱ የአንድ ፊደል ወይም የአንድ አሃዝ ያህል መሆን አለበት፤ መለኪያው ግን ፊደል አይ ወይም አሃዝ 1 አይደለም፣ እነሱ ቀጫጭን ናቸውና። ኮምፒውተሩ በራሱ የሚሰጠው ባዶ ቦታ ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ አንዱን ፊደል፣ ኤ ን በሉት፣ ስፋቱን ለኩ፤ 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ክፍተቱንም በእጃችሁ 5 ሳንቲ ሜትር አድርጉ። ስምንት ምልክት በ5፣ ሁለት ክፍተት በ5፣ በየፊደሉ መካከል ያለችው ትንሽ ርቀት ሲጨመር ጠቅላላው ከ55 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ደንበኛው ይህን ያህል ባዶ ቦታ ጀልባዋ ላይ እንዳለው ሳይለካ አትቁረጡ። የእህቴ ባል ሁለተኛው ሲላክለት መሃል ላይ የፋብሪካው ጌጥ መስመር ገባበትና እሱን ማላቀቅ ነበረበት።

ሁለት ቅጂ ቁረጡ፣ አንድ ለግራ አንድ ለቀኝ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው! በመስታወት እንደሚታይ አትገልብጡት፤ በሁለቱም በኩል ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚነበበው። በግራ ጎን ጽሑፉ ከአፍንጫዋ በኩል ይጀምራል፣ በቀኝ ጎን ደግሞ አፍንጫዋ ጋ ያልቃል። ሦስተኛ ቅጂ መጨመር ከእኔ ምርቃት ነው፤ አንዱ ሲለጠፍ መሸብሸቡ አይቀርም።

ለቪኒሉ ርካሹን አትምረጡ። ካስት የሚባለው ቀጠን ያለ ዓይነት ክብ ያለ አካል ላይ ይተኛል፣ ጸሐይም ቶሎ አያኮማትረውም። ወፍራሙና ርካሹ በዓመቱ ጠርዙ ይነሳል፤ ድሬ ባጃጅ ላይ የምናየው ያ ነው።

አራተኛ፦ ለጥፉ

ቦታው የጀልባዋ የፊተኛው ግማሽ ነው፣ በሁለቱም ጎን። ቆማ ስትታይ እንዲነበብ ከፍ ብሎ፤ አፍንጫዋ ወደ ውስጥ ከተቆለመመበት ሥር ከለጠፋችሁት ከላይ ለሚያይ ሰው የለም ማለት ነው። ቅርጿ አልመች ካለ በሌላ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ሰሌዳውን ማሰር ይፈቀዳል። በአየር የምትነፋ ጀልባ ላይ ቪኒሉ ስለማይቆይ እኔ ሁልጊዜ ሰሌዳ ነው የምመክረው። ቁጥሩ በቋሚነት የተያያዘ ወይም በቀለም የተጻፈ መሆን አለበት። «በማግኔት አድርግልኝ» ያለኝም አለ፤ ደንቡ እሺ ቢለው እንኳ ፋይበርና አሉሚንየም ማግኔት አይዙም።

አካሏን በሳሙና እጠቡ፣ አድርቁ፣ ከዚያ በአልኮል ጥረጉ። ሰም የተቀባ አካል ላይ የተለጠፈ ቁጥር በመጀመሪያው ማዕበል ሐይቁ ውስጥ ይቀራል። በወረቀት ቴፕ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ፤ መስመሩን ከጀልባዋ የላይኛው ጠርዝ ለኩ እንጂ ከመሬት አትለኩ፣ ጋሪው ላይ ያለች ጀልባ ዘንበል ትላለችና። ውሃ በሁለት ጠብታ ሳሙና ጠብጣችሁ እርጩ፣ ቪኒሉን አስቀምጡ፣ አስተካክሉ፣ ከመሃል ወደ ዳር በመጫኛ ላስቲክ ውሃውን አስወጡ። የድሬን የቀትር ፀሐይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በሙቅ አካል ላይ ሙጫው እንደነካ ይይዛል፣ ማስተካከያ አይሰጥም። በጠዋት ለጥፉ። አንድ ቀን ሙሉ ሳይሞላው ውሃ ውስጥ አትክተቷት።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የፊተኛው ግማሽ ላይ ለዚያች ጀልባ ከተሰጠው በቀር ሌላ ማንኛውም ቁጥር አይፈቀድም። ስልክ ቁጥር መጻፍ የለመድን ሰዎች ነን። ጀልባ ላይ ከፈለጋችሁ ወደ ኋላ።

አምስተኛ፦ ቦሎዋን ከጎኑ

ስቲከሩ ከቁጥሩ በ6 ኢንች፣ ማለትም በ15 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይለጠፋል። ከቁጥሩ ፊት ይሁን ኋላ፣ አንድ ይሁን ሁለት፣ ግዛቱ ከካርዱ ጋር በሚልከው ወረቀት ላይ ይናገራል። ቀለሙ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ፌዴራሉ ሰማያዊ፣ ብርቱካን፣ አረንጓዴና ቀይ በተራ እንዲዞሩ አድርጓል። ተቆጣጣሪው ከሩቅ በቀለሙ ብቻ ያለፈበትን ይለያል። የቆየውን ልጣችሁ አዲሱን ለጥፉ፤ በላዩ ላይ መደራረብ የሽንኩርት ልጣጭ ያደርገዋል።

ስሟን «ድሬዳዋ» ማለት ለምትፈልጉ

ይህን የማይጠይቅ የድሬ ልጅ አላጋጠመኝም። መልሱ ጀልባዋ በየትኛው መንገድ እንደተመዘገበች ይለያያል።

በግዛት ብቻ ከተመዘገበች ስም ግዴታ አይደለም። በግዕዝ ፊደል «ድሬ» ብላችሁ ወደ ኋላ በኩል ብትጽፉ ከቁጥሩ ጋር እስካልተምታታ ድረስ ማንም አይናገራችሁም። የእህቴ ባል ጀልባ 16 ጫማ አሉሚንየም ናት፤ እንዲህ ነው ያደረግንላት፣ ከባጃጅ ላይ በምናውቀው ቢጫና ቀይ።

ትልቅ ጀልባ ከሆነች ሁለተኛ መንገድ አለ፤ በኮስት ጋርድ የፌዴራል መዝገብ መግባት። ለዚህ ቢያንስ 5 ኔት ቶን መሆን አለባት። ይህ ቶን ክብደት አይደለም፣ የውስጥ ስፋት መለኪያ ነው፤ አንዱ ቶን 100 ኪዩቢክ ጫማ ነው። ባለቤቱ ደግሞ የአሜሪካ ዜጋ መሆን አለበት፤ ግሪን ካርድ አይበቃም። ለመዝናኛ ጀልባ ይህ ግዴታ አይደለም፣ ብዙዎቹ የሚገቡበት ባንክ ለብድሩ ስለሚጠይቃቸው ነው። እዚህ መዝገብ ከገባች በአፍንጫዋ ላይ የግዛት ቁጥር አይለጠፍም፤ ግዛቱ ግን ስቲከሩን ሊጠይቅ ይችላል። በምትኩ ስሟና መነሻ ወደቧ አንድ ላይ፣ ከውጭ በሚታይ ቦታ፣ ቢያንስ 4 ኢንች ቁመት ባላቸው ፊደሎች ይጻፋሉ። የመዝገብ ቁጥሯ ደግሞ ቢያንስ 3 ኢንች ሆኖ ውስጥ፣ ዋናው አካል ላይ፣ ለማንሳት ሲሞከር ምልክት ትቶ እንዲሄድ ሆኖ ይጻፋል።

እዚህ መዝገብ ላይ ስሙ በላቲን ፊደል መሆን አለበት፣ ከ33 ምልክትም አይበልጥም። ስለዚህ «ድሬዳዋ» የሚለው ስም በላቲን ይፈቀዳል። መነሻ ወደብ ግን አሜሪካ ውስጥ ያለ ቦታ ከነግዛቱ መሆን አለበት። ስሟ ድሬዳዋ፣ ወደቧ ሲያትል ይሆናል ማለት ነው። ባሕር የሌላት ከተማ ልጅ ከዚህ በላይ ምን ይጠይቃል?

ስትሸጡ፣ ስትዛወሩ፣ ሲጠፋ

አድራሻ ከቀየራችሁ፣ ጀልባዋ ከተሰረቀች፣ ካርዱ ከጠፋ ወይም ከሸጣችኋት በ15 ቀን ውስጥ ቁጥሩን ለሰጣችሁ መሥሪያ ቤት አሳውቁ። ሌላ ግዛት ይዛችኋት ከሄዳችሁ ቁጥሩ ቢያንስ ለ60 ተከታታይ ቀን ይሠራል። ለዘለቄታው እዚያ የምትቀር ከሆነ ግን አዲስ ቁጥር ታወጣላችሁ፣ አሮጌውንም ትልጣላችሁ።

ለመላጥ የፀጉር ማድረቂያ አሙቁበትና ከማዕዘኑ በጥፍር ጀምሩ፤ ምላጭ አካሏን ይቧጭራል። ሙጫው ሲቀር በነጭ ጋዝ በተነከረ ጨርቅ ጥረጉት። የአሮጌው ፊደል ጥላ ከሥር ሊቀር ይችላል፤ ጸሐይ ዙሪያውን ስላደበዘዘው ነው። ሲያስቸግር ፖሊሽ አድርጉት፣ አለዚያ ተቆጣጣሪው ሁለት ቁጥር ያነባል።